ከመቀመጫዎቹ ሥር የነበረው ጽሑፍ

«አንቺ ዝም ብለሽ መቆም አትችይም። ለዚህ ሥራ አትሆኚም፤ ሂጂና ሆቴል አልጋ አንጥፊ።»

ሽማግሌው ይህን ያሉኝ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ ነው። እኔም ቀበል አድርጌ፣ «አባባ፣ የመጣሁት ከሆቴል ነው። አልጋውን አንጥፌ ጨርሻለሁ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር። ግሬፕቫይን፣ የዳላስ ኤርፖርት አጠገብ ካለ ሆቴል፣ በገባሁ በአራተኛው ወር ለቅቄ ነበር። ከዚያ በፊት ነዳጅ ማደያ ካሸር፣ ከዚያም በፊት ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ጫኝ። አንድ ቦታ ስቆይ እግሬን ይበላኛል። አጎቴ፣ በእሱ ሰበብ ነው አሜሪካ የገባሁት፣ «ከዚህኛውም ከለቀቅሽ ቲኬት ቆርጬ ደሴ ነው የምመልስሽ» ብሎኝ ነበር። የሚቀልድ ሰው አይደለም።

አዲሱ ሥራ ከዳላስ ወጣ ብሎ ሜስኪት ውስጥ፣ ከሀይዌዩ ጀርባ ከተደረደሩት የቆርቆሮ ዌርሃውሶች በአንዱ ነበር። አለቃችን ከጣሊያን፣ ከስፔንና ከፖርቱጋል የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አሮጌ ዕቃ በኮንቴነር ያስመጣል። መቅረዝ፣ አትሮኖስ፣ የንስሐ ሣጥን፣ ክንፉ የተሰበረ መልአክ፣ የማይመጣ ነገር አልነበረም። እኛ እናጸዳለን፣ እንጠግናለን። ገዢዎቹ በየአዲሱ ሰፈር የሚሠሩ ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው። አንዳንዱን ደግሞ ሀብታም ይወስድና ሳሎኑ ውስጥ መጠጥ ይደረድርበታል። ባንኮቹ ገና መንኮታኮት አልጀመሩም ነበር፤ ሰው ሁሉ ትልልቅ ቤት እየገዛ የሚሞላበት ዕቃ ያጣበት ጊዜ ነው።

ሽማግሌው የዓዲግራት ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ለቅስና ትምህርት ወደ ጣሊያን ተላኩ፤ ቅስናውን ትተው አናጢነት ያዙ፤ ከዚያ ሃያ ምናምን ዓመት በደቡብ ኢጣሊያ፣ ኮረብታ ላይ በተቆለለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የካቴድራል ዕቃ ጠባቂ ሆነው ኖሩ። ሚስታቸው ስትሞት ልጃቸው ወደ ዳላስ አመጣቻቸው። ትግርኛ፣ አማርኛ፣ ጣሊያንኛ ይናገራሉ። እንግሊዝኛ ግን ከ«ጉድ ሞርኒንግ» አያልፍም። አለቃው እኔን የቀጠረኝ ለጽዳት ብቻ አልነበረም። በእሱና በሽማግሌው መካከል አፍ እንድሆን ነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

«እስላም ነሽ አሉ?» አሉኝ በሁለተኛው ቀን።

«አዎ።»

«ጥሩ ነው። የእኛዎቹ ሲያጸዱ በየመሃሉ ይሳለማሉ፤ ሥራ ይቆማል። አንቺ ዝም ብለሽ ትወለውያለሽ።»

የአጎቴ ሚስት ግን ስቃ አልጠገበችም። «ከደሴ ተነስተሽ ባሕር ተሻግረሽ የጳጳስ ወንበር ልትወለውዪ!» እያለች ለጎረቤት ሁሉ ታወራ ነበር።

ከሽማግሌው ጋር ያቀራረበን መሣሪያ ነው። «ካቻቢቴ አቀብዪኝ» ሲሉኝ አቀበልኳቸው። «አኳራጅ» ሲሉኝ ጨርቁን ቀለም ማቅጠኛው ውስጥ ነክሬ አመጣሁ። ቀና ብለው አዩኝ። «ጣሊያንኛ ማን አስተማረሽ?» «የሠፈራችን ጋራዥ» አልኳቸው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየሁ፤ ጥርሳቸው ከፊት ሁለት የለም። ከዚያ ወዲያ ሆቴል ሂጂ ብለውኝ አያውቁም።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ወር አንድ ሙሉ ኮንቴነር መጣ። አሥራ ስምንት የካህናት መቀመጫ፣ ዘጠኝ በግራ፣ ዘጠኝ በቀኝ የሚቆም፣ ሁሉም ጥቁር ቡናማ የዋልነት እንጨት። ከእነሱ ጋር የጳጳሱ መንበር፤ ከላዩ እንደ ድባብ የተዘረጋ የእንጨት ጣሪያ አለው፤ ክንዱ ላይ አንበሳ ተቀርጾበታል፤ የአንበሳው አፍንጫ በመዳበስ ብዛት ጠፍቷል። ወረቀቱ ላይ ዕቃው የወጣበት ቤት «ኮ-ካቴድራል» ይላል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ካቴድራል ማለት ግንቡ የረዘመ ቤተ ክርስቲያን ይመስልሻል አይደል?»

«ታዲያ ሌላ ምን አለ?»

«ወንበር ነው። የጳጳሱ ወንበር ያለበት ቤት ካቴድራል ይባላል። ወንበሩ ከወጣ የሚቀረው ድንጋይ ነው።»

ከዚያ እያሻሹ ነገሩኝ። በዚያ አገር ድሮ እያንዳንዷ ትንሽ ከተማ የራሷ ጳጳስ ነበራት። ወጣቱ ወደ ሰሜን ፋብሪካ ሲነጉድና ሕዝቡ ሲያንስ ቫቲካን ሁለት ሦስቱን ሀገረ ስብከት አንድ አደረገችው። ጳጳሱ ትልቁ ከተማ ገባ። ትንሿ ከተማ እንዳታኮርፍ ግን ካቴድራሏ ማዕረጉ አልተገፈፈም፤ ኮ-ካቴድራል ተባለ። አንድ ጳጳስ፣ ሁለት ወንበር። ስፔን ውስጥም አንድ ጳጳስ የሚጋሩ ሁለት ከተሞች አሉ። የማልታው ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው፤ የፈረሰኞች ማኅበር ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ወለሉ በሙሉ የባለማዕረጎቹ መቃብር ነው፤ በየዓይነቱ እብነ በረድ አጥንትና ዘውድ ተሥሎበታል። ጳጳሱ አሮጌው ከተማ ያለውን ወንበሩን ሳይለቅ እዚያም ሁለተኛ ተሰጠው።

«አንድ ጊዜ ሄጄ አይቼዋለሁ» አሉ። «በጫማዬ ጫፍ ነው የተራመድኩት። የሰው ስም ይረገጣል እንዴ?»

«እርስዎ ጋ ጳጳሱ ስንት ጊዜ ይመጣ ነበር?»

«በዓመት ሦስቴ።»

«ሌላውን ጊዜስ?»

«ወንበሩ ነጭ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጨርቁን ገልጬ እወለውለዋለሁ።»

«ማንም ሳይቀመጥበት?»

«ስለማይቀመጥበት ነዋ! የሚቀመጡበትንማ ቀሚሳቸው ይጠርገዋል።»

የካህናቱ መቀመጫ ወደ ላይ ይታጠፋል። ሲታጠፍ ከሥሩ አንዲት ትንሽ የእንጨት እርከን ብቅ ትላለች። ጸሎቱ ረጅም ነው፤ ቆመው ነው የሚጸልዩት፤ ሽማግሌ ካህን የቆመ መስሎ በዚያች እርከን ላይ ጀርባውን ያሳርፋል። እኔ የሠፈራችን ደብተራ በመቋሚያቸው ላይ ደገፍ ብለው ሲያሸልቡ በልጅነቴ እያየሁ ስለሳቅኩባቸው ነገሩ ቶሎ ገባኝ። ሽማግሌው እርከኖቹን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ሰውየውን ያነቡታል። «ይኼኛው አንካሳ ነበር፤ ግራው ብቻ ነው የተበላ። ይኼ ወፍራም ነው። ይኼ ደግሞ ሐሜተኛ፤ ወደ ጎረቤቱ እያዘነበለ ነው የኖረው።» እስቃለሁ። ግን ሐሰት አልነበረም፤ እንጨቱ ላይ ይታያል።

ዕቃውን የገዛው ወደ ዴንተን መንገድ ላይ የሚሠራ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አለቃው፣ ሁልጊዜ ከትልቅ ብርጭቆ በረዶ እየቆረጠመ የሚያወራ ሰው ነው፣ አንድ ቀን መጥቶ ለሽማግሌው እንድነግርለት አዘዘኝ። ሥራው ከምረቃው በፊት ሙሉ ሆኖ ከቆመ ሽማግሌው ቋሚ ሠራተኛ ይሆናሉ። ካልሆነ ለሌሎች አናጢዎች ይሰጠዋል፤ የእሳቸውም ሥራ በዚያው ያበቃል። ነገርኳቸው።

«ካላቆየኝ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «የልጄ አፓርትመንት ውስጥ፣ ሶፋ ላይ፣ በማላውቀው ቋንቋ ቴሌቪዥን ሳይ እውላለሁ። እኔ ቁጭ ማለት ከጀመርኩ አልነሳም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጫዎቹን እየነቀሉ፣ እየገለበጡ፣ ከሥራቸው በባትሪ እያዩ ለራሳቸው ያጉተመትሙ ጀመር። በቀን ሁለት ቢበዛ ሦስት ያያሉ። የነቀሏቸውን ግድግዳው ሥር በተርታ ያቆሟቸዋል። ምን እንደሚያዩ አልጠየቅኩም። እሳቸውም አልነገሩኝም። አለቃው በየጠዋቱ ብቅ እያለ ሰዓቱን ያያል፤ «ቶሎ በል በይው» ይለኛል፤ እኔ ደግሞ «ቶሎ ይበሉ ይላል» እላለሁ። «እሺ በይው» ይሉና በዚያው ፍጥነታቸው ይቀጥላሉ። እኔ ነኝ የምቃጠለው። ቀርፋፋ ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል።

አንድ ሐሙስ ለዓይናቸው ሐኪም ጋ ቀጠሮ ነበራቸው። አለቃውም ፎርትወርዝ ሄዶ ነበር። ብቻዬን ቀረሁ። መቀመጫዎቹን ገለበጥኳቸው። ከላይ ያማሩ፣ ከሥር ግን ጥቀርሻ፣ የሸረሪት ድር፣ የሻማ ጠብታ፣ በከሰል የተጫረ ነገር። ደሴ እናቴ ሳህን ስታጥብ ጀርባውን ነው የምታስቀድመው፤ እንግዳ የማያየው የቆሸሸ እንደሆነ የታጠበ አይባልም ትላለች። እኔም ልርዳቸው ብዬ ነው። ባልዲ ሙቅ ውኃ፣ የዱቄት ሳሙና፣ ብሩሽ። አሥራ ስምንቱንም ከሥር ፈተግኳቸው። የተጫረውን አይቼዋለሁ፤ አላየሁም ብል ውሸት ነው። የጫኚዎች ጭርጭር መሰለኝ። ከዚያ አውጥቼ ፓርኪንጉ ላይ ፀሐይ አስመታኋቸው፤ የታጠበ ዕቃ ፀሐይ ሳያየው ቤት አይገባማ። የቴክሳስ የሐምሌ ፀሐይ መሆኑን ማን አሰበ? ከሰዓት በኋላ እንደመጣልኝ ሰብስቤ ግድግዳው ሥር ደረደርኳቸው። ሲያዩት ምን ይሉኝ ይሆን እያልኩ ተደሰትኩ። እንዲያውም ትንሽ ዘፈንኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌው ገቡ። አንዱን አነሱ፣ ገለበጡ፣ አስቀመጡት። ሌላውን አነሱ። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ሣጥን ስበው ተቀመጡ።

«ማነው ያጠበው?»

«እኔ።»

«በውኃ?»

«በሙቅ ውኃ» አልኩ። ኩራቴ ገና አልለቀቀኝም ነበር።

«ከሥሩ የነበረውን አላየሽም?»

«ጭርጭር ነገር ነበር።»

«ጭርጭሩ» አሉ በቀስታ፣ «የወንጌል ወገን አራተኛ፣ የመልእክት ወገን ሰባተኛ የሚል ነበር። ዕቃውን እዚያ የፈታታው ሰው የጻፈው። ወንጌል የሚነበብበት ግራው፣ መልእክት የሚነበብበት ቀኙ። የትኛው መቀመጫ የት እንደሚገባ ሌላ የሚናገር የለም።»

«በተርታ አቁመዋቸው አልነበር...» ብዬ ጀመርኩና ተርታውን ያፈረስኩትም እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ።

አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን በእንጨቱ ላይ ዘርግተው ቆዩ። ውኃው የእንጨቱን ቃጫ አንስቶታል፤ ነጭ ነጭ ብሏል፤ ሁለቱ በፀሐይ ጎብጠዋል። «ደህና» አሉ በመጨረሻ። «ማጠፊያው አለ። እያንዳንዱ ከገዛ ክፈፉ ጋር እየተፋተገ ነው ያለቀው። አንድ በአንድ እየሞከርኩ አገኛቸዋለሁ። ሁለት ወር ይበቃኛል።»

አለቃው በረዶውን እየቆረጠመ የገባው ያኔ ነው። የነጣውን እንጨት አየ። የጎበጠውን አነሳ። ቆርጠም ማድረጉን ተወ። «ምንድን ነው የሆነው?» አለኝ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ በይው። ልጅቷ ለእኔ ብላ ነው፤ አታውቅም ነበር። ሳልነግራት መሄዴ የእኔ ጥፋት ነው። ሁለት ወር ይስጠኝ፤ በማጠፊያው እለያቸዋለሁ።»

እኔ በእንግሊዝኛ ያልኩት ይህን ነው፦ «ታጥበዋል። ከሥሩ የነበረው ጽሑፍ ጠፍቷል። ሁለት ወር ስጠኝ ይላሉ።»

«ያጠበው እሱ ነው?» አለና ጣቱን ወደ ሽማግሌው ቀሰረ።

አዎ አላልኩም። ማለቴ፣ አይደለምም አላልኩም። ትከሻዬን ከፍ አድርጌ ዝቅ አደረግኩ። የአጎቴ ቲኬት ነው በዓይኔ የመጣው። ከዚህ ሌላ ምክንያት ብፈልግ እስካሁን አላገኘሁም።

«ዛሬ የመጨረሻ ቀኑ ነው በይው» አለኝ አለቃው።

ይኼኛውን አንድ ቃል ሳልጥል ተረጎምኩ።

ሽማግሌው ሽርጣቸውን ፈቱ፤ መላጊያቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ። ራሳቸው ከንብ ሰምና ከአኳራጅ የሚቀምሙትን ቅባት ግን ጠረጴዛው ላይ ተዉት። በሩ ጋ ሲደርሱ፣ «ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊው፤ ይደርቃል» አሉኝ።

በሳምንቱ ሌሎች አናጢዎች መጡ። ፈጣኖች ናቸው፤ ሥራቸውን እንዴት ላማው እችላለሁ? የማይገጥመውን መቀመጫ ሁሉ በማሽን እየላጉ እንዲገጥም አደረጉት። የተበሉትን እርከኖች ቀጥ አድርገው አስተካከሏቸው። አንካሳው፣ ወፍራሙ፣ ሐሜተኛው፣ ሁሉም በአንድ ቀን ተላግተው ወለሉ ላይ ፍቅፋቂ ሆኑ። ፍቅፋቂውን የጠረግኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጆንያ ሞላ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ብርቱካን ገዝቼ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ሥራ ገብታ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ እሳቸው ናቸው፤ በነጠላ ጫማ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ ድምፁ ጠፍቷል። ሶፋው ላይ አንድ ቦታ ብቻ ጎድጎድ ብሏል። ሳልቀመጥ ጀመርኩ።

«አባባ፣ ያን ቀን ያሉኝን ሁሉ አልነገርኩትም።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«ጣቱን ሲቀስርብኝ አየሁ። አንቺ ጣቱን ወደ ራስሽ አልመለስሽውም። ለዚህ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።»

አለቀስኩ። እንባ የሚቀናኝ ሰው አይደለሁም። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው።

«ይቅርታውን ያኔውኑ ሰጥቼሻለሁ፤ ተቀመጪ» አሉኝ። «አንድ ነገር ግን አለ። አርጅቷል ቢለኝ እውነቱን ነው። ቀርፋፋ ነው ቢለኝም እውነቱን ነው። ያ ሰውዬ ግን አሁን ዋልነት በሙቅ ውኃ የሚያጥብ ሰው አድርጎ ነው የሚያውቀኝ። ንገሪው።»

«ይመልስዎታል ብለው ነው?»

«ሥራ ጠየቅኩሽ እንዴ? ንገሪው ነው ያልኩሽ።»

«እነግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«ነገ።»

በነጋታው አልነገርኩትም። በሦስተኛው ቀን አለቃው ተቆጥቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ደስ ብሎት ነበርና ደስታውን ማበላሸት አልፈለግኩም። ለሁሉም ቀን ሰበብ ነበረኝ። አምስት ሳምንት እንዲሁ አለፈ። ሽማግሌውን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ሳልነግረው ሄጄ «መቼ?» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

ዕቃው ወደ ዴንተን መንገድ ሲሄድ እኔም አብሬ ተላክሁ፤ የመጨረሻውን ሰም ለመቀባት። ቤተ ክርስቲያኑ ገና ቀለምና ሲሚንቶ ይሸታል። መቀመጫዎቹ በግራና በቀኝ ቆመዋል፤ መሀል መንበሩ አለ። ነጭ ጨርቅ የለውም፤ የሰፈሩ ቄስ በየሳምንቱ ሊቀመጥበት ነው። አንዷን መቀመጫ ገልብጬ እርከኗን በአውራ ጣቴ ዳበስኳት። ልሙጥ ናት። ቀጥሎ ያለችውንም ዳበስኩ። ልሙጥ። እስከ ዘጠነኛዋ ሄድኩ፤ ከዚያ ተሻግሬ የቀኙን ጀመርኩ።

አለቃው ከኋላዬ መጣ። «ቆንጆ ሆነ፣ አይደል?» አለ።

«ያን ቀን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«መቀመጫዎቹን። ሽማግሌው አይደሉም። እሳቸው እንጨት በውኃ አያጥቡም። እሳቸው ሐኪም ጋ ነበሩ። ጠየቅከኝ፤ ዝም አልኩ።»

በረዶውን ቆረጠመ። አየኝ፤ ከዚያ መቀመጫዎቹን አየ። «ኦኬ» አለ። «አሁን ምን ለውጥ አለው? ተመልከቺ፣ ቆሟል። ማንም አያውቅም። ደግሞም ሥራ ቀዝቅዟል፤ ኮንቴነሩንም ልቀንስ ነው።»

«ለእሳቸው ለውጥ አለው። ኮል አድርግላቸውና አንተ አለመሆንህን አውቄያለሁ በላቸው። ይኼን ብቻ።»

«እንግሊዝኛ አይችልም እኮ» አለ። የክፋት ሳቅ አልነበረም የሳቀው። «ማን ያስተረጉምልኛል? አንቺ?»

ጓንቴን አውልቄ ባልዲው ውስጥ ጣልኩት። ሥራውም የአጎቴ ቲኬትም የራሱ ጉዳይ ብዬ ሽርጤን ፈትቼ ሰሙ አጠገብ አስቀመጥኩና በጎን በር ወጣሁ። መኪናዬ በሁለት የጭነት መኪኖች መካከል ተዘግታ ነበር። አንዱ ሾፌር እስኪያነሳልኝ ቆምኩ። አነሳልኝ፤ ገባሁና ወደ ሀይዌዩ ነዳሁ።